እንግዳ ያሸነፉ ልጆች

ዓባይነህ ውሸት የሚያውቅበት ሰው አልነበረም። የሚያውቅበት ሰው ትንሽ ዋሽቶ፣ ትንሽ አሳስቆ ያልፋል፤ ማንም አይጎዳም። እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሳይዋሽ ኖሮ አንድ ቀን፣ ያውም በስብሰባ ላይ፣ ያውም ሳያስብበት ዋሸ። ያልለመደው ሰው ሲዋሽ መጠኑን አያውቀውም።

ሥራው ቡራዩ ውስጥ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ የስፖርት ክፍል ኃላፊነት ነው። ክፍል ይባል እንጂ ክፍሉ ማለት እሱ ራሱ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ጆንያ ኳስ ነው። ቢሆንም የሴቶቹን መረብ ኳስ ቡድን ከምንም አንስቶ ለዋንጫ አብቅቷል። በግቢው ሲያልፍ ተማሪዎቹ «ኮች!» ብለው ሲጠሩት፣ አይ ደስታው! ደረቱ ከሱ ቀድሞ ነው የሚሄደው።

ዋንጫው የትልቅ ሊግ ዋንጫ አይደለም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ አራት ኮሌጆች፣ የሰበታው፣ የሱሉልታው፣ የለገጣፎውና የቡራዩው፣ እርስ በርሳቸው የሚጫወቱበት የራሳቸው ሊግ ነው። አምና ታዲያ የለገጣፎው ኮሌጅ «ደረጃችን ከፍ ብሏል» ብሎ ወደ አዲስ አበባዎቹ ሊግ ኮበለለ። ኮበለለ ነው የሚባለው፤ ደህና ሁኑ እንኳ አላለም። በሦስት ቡድን ደግሞ ሊግ አይሆንም። ሁለቱ ሲጋጠሙ ሦስተኛው ዳር ቁጭ ብሎ ቆሎ ይቆረጥማል። እናም አራተኛ ተፈለገ።

ሁለት አመልካቾች መጡ። አንደኛው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም መሐል ሕንፃ ተከራይቶ የከፈተ ኮሌጅ ነው። ሜዳ የለውም፤ ልጆቹም ኳስ ሲመጣባቸው ገና ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ናቸው፤ ግን የሚያምር አውቶቡስ አለው። ሁለተኛው ከለገዳዲ ግድብ ወዲያ፣ ገበሬው መሐል ያለ ትንሽ የእርሻ ኮሌጅ ነው። አውቶቡስ ብሎ ነገር የለውም። «የትኛው ይመጥነናል?» የሚለውን እንዲያጣሩ ሦስቱ ኮሌጆች አንድ አንድ ሰው መድበው ዓባይነህን ሰብሳቢ አደረጉት። ከሰበታ ሩሃማ፣ ከሱሉልታ ዲሪርሳ ነበሩ። ዲሪርሳ ወደ ኮዬ ፈጬ፣ ዓባይነህ ወደ ለገዳዲ ሊሄዱ ተካፈሉ። በደንቡ መሠረት የሚጎበኘው ሰው የራሱን ቡድን ይዞ ሄዶ የሙከራ ጨዋታ ያደርጋል፤ የአመልካቹ አቅም የሚታየው በዚያ ነው።

ከመሄዱ በፊት የኮሌጁ ባለቤት ጋሽ ወንዲ ቢሮው አስጠራው። ከኋላው ግድግዳው ላይ የምዝገባ ሰሞን መንገድ ዳር የሚሰቀለው ባነር ተዘርግቷል፤ ባነሩ ላይ ልጃገረዶቹ ዋንጫውን ከፍ አድርገው ይስቃሉ።

«ስማኝ ዓባይነህ» አለው ጋሽ ወንዲ፣ «ተማሪ የሚያመጣልኝ ይሄ ዋንጫ ነው። ዋንጫ የሌለው የስፖርት ክፍል ለምኔ ነው? ዘግቼ የኮምፒውተር ክፍል አደርገዋለሁ።» ብሎ ሳቀ። ዓባይነህም አብሮ ሳቀ። ሲወጣ ግን ዞር ብሎ ባነሩን አየው።

ለገዳዲ የደረሱት በጠዋት ነው። የኮሌጁ በር ላይ ሕዝቡ ወጥቶ ይጠብቃቸዋል። ተማሪውና አስተማሪው ብቻ ሳይሆን የአካባቢው ገበሬ፣ እናቶች ሁሉ ወጥተዋል። ፊት የቆሙት ኦቦ ኢቲቻ ናቸው። የመረብ ኳሱን ሜዳ ከግጦሽ መሬታቸው ቆርሰው የሰጡት እሳቸው ናቸው። አጠገባቸው አሠልጣኟ ኤቢሴ ቆማለች፤ ገና ወጣት ናት፣ ከተማሪዎቿ የሚለያት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው ፊሽካ ብቻ ነው።

«አካም ጂርቱ! እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ቤታችሁ ነው!» አሉ ኦቦ ኢቲቻ፣ እያንዳንዷን ልጅ ትከሻዋን እየሳሙ።

ሜዳው የታጨደ ሣር ነው፤ መስመሩ በአመድ ተሠምሯል። የዓባይነህ ልጆች አይተው ተጠቃቀሱ። ጥቅሻው ግን ኳሱ እስኪነሳ ድረስ ብቻ ነበር። ለለገዳዲዎቹ ተረፈች የምትባል ረጅም ልጅ አለቻቸው። ሮጣ መጥታ ስትዘል ወገቧ መረቡ ጋ የሚደርስ ነው የሚመስለው። እጇን ስትሰነዝር የቡራዩ ልጆች ኳሱን የሚያዩት መሬት ነክቶ ሲነጥር ነው። ሌሎቹም ቢሆኑ የሚሰንፍ የለም፤ ኳስ ከመሬት ላይ ያነሳሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ፣ እየሳቁ። ሦስት ለባዶ። ያውም በየዙሩ እየባሰ የሄደ ሦስት ለባዶ።

ዓባይነህ ኳስ የሚወድ ሰው ነውና መጀመሪያ ላይ ነፍሱ ሐሴት አደረገች። «ወይኔ ልጅ!» ብሎ ለተረፈች አጨብጭቧል፤ እሱም ያስታውሰዋል። ኋላ ግን ጋሽ ወንዲና ባነሩ ትዝ አሉትና እጁ ወረደ። እነዚህ ልጆች ሊጉ ውስጥ ከገቡ ዋንጫ የሚባለውን ነገር ከእንግዲህ የሚያየው በፎቶ ነው።

ከጨዋታው በኋላ በግ ታርዶ፣ ጩኮ በቅቤ ርሶ፣ እርጎ በየቅሉ ቀርቦ ድግስ ሆነ። አሸናፊና ተሸናፊ ከአንድ ትሪ በሉ። የቡራዩዋ አምበል ሉሲ ከተረፈች ጋር ጉርሻ ተጎራረሰች፤ ስልክ ቁጥር ተለዋወጡ። መጨረሻ ላይ ኦቦ ኢቲቻ ተነስተው መረቁ። «ናጋ ኑፍ ሃ ኬኑ! ሰላሙን ይስጠን! ዛሬ እንግዶች ናችሁ፣ ነገ ዘመድ ያድርገን! ልጆቻችን አብረው ይደጉ!» በእያንዳንዱ ምርቃት ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማው የዓባይነህ አሜን ነበር። የልቡን ነው ያለው ደግሞ፤ ጣጣው እሱ ነው።

በመመለሻው ላይ ሉሲ ከሚኒባሱ የኋላ ወንበር ተጣራች። «ኮች፣ ሊጉ ሲገቡ በየዓመቱ እንገናኛለን አይደል? ተረፈች አዘላለሏን አስተምርሻለሁ ብላኛለች እኮ!»

«እናያለን» አላት፣ በመስኮቱ ባሕር ዛፉን እያየ።

ስብሰባው ሰበታ፣ ሩሃማ የምትሠራበት ኮሌጅ ውስጥ ነበር። ዲሪርሳ የኮዬ ፈጬውን ነገር ሲያወራ ራሱ ሳቁን መያዝ አልቻለም። «አውቶቡሳቸው ጥሩ ነው። ቡድናቸውን ግን እኔ በዚህ ቦርጬ ገብቼ አሸንፋቸዋለሁ» አለ። «ይልቅ የአንተን ንገረን።»

ዓባይነህ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። «መንገዱ ያስቸግራል» አለ።

«መንገድ?» አለ ዲሪርሳ። «ሱሉልታ እኛ ጋ ስትመጡ በክረምት ስንቴ መኪና ገፍታችኋል? እንደሱ ከሆነ እኛንም አስወጡና!»

«ሜዳቸውም ሣር ነው...»

«ፎቶውን አንተው ነህ የላክኸው» አለች ሩሃማ። «ከእኛ ጠጠር ይሻላል። ልጆቼ ጉልበታቸው አልቋል።»

ሁለቱም ፊታቸው በርቶ ያዩታል። ሁለቱም የለገዳዲን ስም ሊጽፉ እስክሪብቶ አንስተዋል። ዓባይነህ እውነቱን፣ «ያሸንፉናል፤ እኔም ከሥራዬ እባረራለሁ» የሚለውን፣ በምን አፉ ይናገረው? እንዲህ ተጨንቆ ሳለ ነው ያቺ ነገር ከአፉ ያመለጠችው።

«እውነቱን ለመናገር... ሲያስተናግዱን ቅር ያሰኘኝ ነገር አለ። ዝርዝሩን ተዉት። የሰው ክብር ነው።»

በአገራችን እንዲህ ያለ ሰው «ምን ነበር?» ተብሎ አይጠየቅም። እንዲያውም ሸፈነላቸው ተብሎ ይከበራል። ሩሃማ «ይቅርታ፣ በግድ ልናናግርህ ነበር» አለችው። ዲሪርሳ ግን ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። አያቶቹ የለገዳዲ ሰዎች ናቸው። «እንግዳ አስቀየሙ? የኛ ሰዎች?» አለና አንገቱን ደፋ፤ እሱ ያጠፋ ይመስል። ዓባይነህ ያን ደፋ ያለ አንገት አይቶ «ኧረ ተው፣ ቀልዴን ነው» ማለት ይችል ነበር። አላለም። ኮዬ ፈጬ ገባ፤ ለለገዳዲ «አትመጥኑንም» ተብሎ ተጻፈላቸው።

እዚያ ላይ ያለቀ መሰለው፤ የዋህ! ዲሪርሳ በንዴት ለገዳዲ ያለችው አክስቱ ጋ ደውሎ «ምን አድርጋችሁ ነው ሰውዬውን? አዋረዳችሁን!» ማለቱን ማን ይንገረው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዓባይነህ ቢሮው ተቀምጦ ኳስ ሲነፋ በሩ ተንኳኳ። ቀና ሲል ኦቦ ኢቲቻ ናቸው፤ ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከሁሉም ኋላ ኤቢሴ። ሽማግሌዎቹ በእጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል። ሣር ይዞ የመጣ ሰው ዕርቅ ሊለምን እንደመጣ፣ ቡራዩ የኖረ ሁሉ ያውቃል። ዓባይነህ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ይግቡ አባቴ፣ ይቀመጡ!»

«አንቀመጥም ኦቦ ዓባይነህ» አሉ ኦቦ ኢቲቻ። «እስኪምሩን ድረስ አንቀመጥም።»

አባቱን የሚያህሉ ሰውዬ እንደ ታላቅ ወንድም ኦቦ አሉት። እሱን፣ ዓባይነህን! ጆሮው ጋለ።

«ለሊጉ አይደለም የመጣነው» ቀጠሉ። «ሊጉ ይቅር፣ የሚገባው ይግባ። ግን እንግዳ ከደጃችን ቅር ብሎት ሄደ ሲባል ሰማን። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም። ምን እንዳጠፋን ብናስብ፣ ብናስብ አጣነው።»

«ኧረ አባቴ፣ ምንም አላጠፋችሁም! በእግዜር ስም!»

ይኸው፣ እውነቷን ተናገራት። ሽማግሌው ግን እጃቸውን አንስተው አቋረጡት።

«አይሸሽጉን። ጨዋ ስለሆኑ ነው። የሰው ክብር ነው ብለው ዝም ማለትዎን ዲሪርሳ ነግሮናል። አንቱ የሸፈኑልን ሰው ነዎት፤ በደለኞቹ እኛ ነን።» ወደ ጓደኞቻቸው ዞር አሉ። «ቤት ለቤት ተጠያየቅን። ቅቤው በስሎ ነበር ወይ? በጉ አርጅቶ ነበር ወይ? እርጎውን ያመጣችው ሴትዮ የኔው ቅል ይሆናል የሸተተው ብላ ይኸው ስታለቅስ ከረመች። እኔም ምርቃቴን አስረዝሜ እግራችሁን አቁሜ ይሆናል። አርጅቻለሁ፣ እቀባጥራለሁ። ይማሩን።»

ያቺ ሴትዮ ስታለቅስ ከረመች! ዓባይነህ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አሁን አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ «ዋሽቼ ነው» ማለት። በሩ ግን ገርበብ ብሏል፣ ኮሪደሩ ላይ የጋሽ ወንዲ ድምፅ ይሰማል፤ ከአንድ ሰው ጋር ስለ ባነሩ መጠን ይነጋገራል።

ይኼኔ ኤቢሴ ከኋላ ወጥታ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«እነሱ አይደሉም፤ እኔ ነኝ» አለች። «ገብቶኛል። ልጆቹን እንደልባችሁ ተጫወቱ ያልኳቸው እኔ ነኝ። እንግዳ ጠርተን፣ በሕዝብ ፊት፣ በልጆቻችሁ ላይ... ሦስት ለባዶ! እኔ ኳሱን እንጂ ሰውን አላየሁም። አቅማችንን ካላየ አያስገባንም ብዬ ነው። እንግዳ እንዲህ አይደረግም ነበር። ነውር ነው የሠራሁት። ይቅር ይበሉኝ።»

ከገበሬው ቅቤና ከሴትዮዋ ቅል ሁሉ አልፋ ልጅቱ እውነቱን አገኘችው። ያውም የራሷ ጥፋት አድርጋ ተሸክማ አመጣችለት። «አዎ፣ እሱ ነው፤ ነውሩ ግን የኔ ነው» ቢል እዚያው ባለቀ። ዓባይነህ አፉን ከፈተ። አራቱም ዓይን ዓይኑን ያዩታል፤ ሣሩ አሁንም በሽማግሌዎቹ እጅ ነው።

«ይቅር ብያለሁ» አለ።

እንዲህ ነው ያለው። ይቅር ብያለሁ! የራሱ ድምፅ የሌላ ሰው ሆኖ ተሰማው። ሽማግሌዎቹ ግን ሸክም እንደወረደላቸው ሁሉ ተነፈሱና በየተራ ትከሻውን ሳሙት፤ ተቀመጡም። ኤቢሴ ጎንበስ ብላ እጁን ልትስም ስትል እጁን ቀማት። ከትሕትና ነው የመሰላት። ነገሩ ትሕትና ሳይሆን እጁን ተጠይፎት ነው።

«ሁለተኛ አይደገምም» አለች። «ልጆቹም መጥተው ይካሱዎታል። እናንተ ግቢ መጥተን እንጫወት። ልጆቹ ደንቡን፣ ሰው ማክበሩን፣ አሁን ያውቁታል።»

«ይምጡ እንጂ» አለ ዓባይነህ፤ ሌላ ምን ይበል?

በሳምንቱ መጡ። በሰው የከብት መኪና ተጭነው፣ ልብሳቸውን አጥበው፣ እየዘፈኑ። ጋሽ ወንዲ ወንበር አስወጥቶ ከፊት ተቀመጠ። ተማሪው ግቢውን ሞላው። ሉሲ በሩ ላይ ሮጣ ሄዳ ተረፈችን አቀፈቻት። ተረፈችም አቀፈቻት፤ ግን ቶሎ ለቀቀቻት፤ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠቻት፣ ለትልቅ ሰው እንደሚሰጠው።

ጨዋታው ተጀመረ። የለገዳዲ ልጆች ኳስ ሲመጣ ያነሳሉ፤ መልሰው ግን ሰው ያለበት ቦታ መርጠው፣ በዝግታ፣ እጅ ላይ እንደሚያስቀምጡ አድርገው ይሰጣሉ። የሚመለስ ኳስ ሲሄድባቸው አንድ እርምጃ ዘግይተው ይሮጣሉ። ሲሸነፉ ያጨበጭባሉ። ጋሽ ወንዲ «ይኸው! እነዚህ ናቸው ያን ቀን ያሸነፏችሁ?» ብሎ ዓባይነህን ጀርባውን መታው። ኤቢሴ ከወዲያ ማዶ ቆማ ልጆቿን ትታ እሱን ነው የምታየው። «እንዲህ ነው? ደስ አለዎት?» የሚል ዓይን ነው። ራሱን ነቀነቀላት። መነቅነቁን ያወቀው ከነቀነቀ በኋላ ነው።

በመጨረሻው ዙር ለተረፈች ጥሩ ኳስ ከፍ ብሎ መጣላት። ሮጠች፤ ዘለለች፤ እጇ ወደ ኋላ ተሳበ። ሕዝቡ ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። እዚያው አየር ላይ ሳለች አንድ ነገር ትዝ እንዳላት ሁሉ እጇን ሰበሰበችና ኳሱን በጣቷ ገፋ አደረገችው። ኳሱ ቀስ ብሎ መረቡን ተሻግሮ ወደ ሉሲ መጣ። ሉሲ አልነካችውም። እጆቿን ወደታች ዘርግታ ኳሱ እግሯ ሥር ሲወድቅ ዝም ብላ አየችው።

«ምን ሆነሽ ነው?» አላት ዓባይነህ ከዳር።

«እነሱ ምን ሆነው ነው?» አለች። «ኮች፣ ምን ብለሃቸው ነው?»

«ተጫወቱ» ብቻ አለ። ተጫወቱ፤ ቡራዩ ሦስት ለባዶ አሸነፈ። ተማሪው ጨፈረ፤ ጋሽ ወንዲ ፎቶ አስነሳ። ኦቦ ኢቲቻ በከዘራቸው ሜዳውን አቋርጠው መጡ፤ ፊታቸው በደስታ አብርቷል። የዓባይነህን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። ሉሲ ውኃ ልትጠጣ መጥታ አጠገባቸው ቆማለች።

«ኦቦ ዓባይነህ» አሉ፣ «አሁንስ በደላችን አለቀ?»

ዓባይነህ ሽማግሌውን አየ። ሉሲን ግን ማየት አልቻለም።

«አለቀ አባቴ» አለ።

ሉሲ የውኃውን ጠርሙስ ሳትከፍተው መሬት ላይ አስቀመጠችው። የቡድኑን ሹራብ በራሷ ላይ አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለች፤ በመረቡ ሥር ጎንበስ ብላ አልፋ ሄዳ፣ የለገዳዲ ልጆች ሣሩ ላይ ከተቀመጡበት፣ ተረፈች አጠገብ ተቀመጠች። ዓባይነህ በስሟ ጠራት። ደግሞ ጠራት። ዞር ብላም አላየችው።